ሳይታመሙ የሚፈረም ውክልና

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ገብታችሁ ኑሮ እየጀመራችሁ ነው? መንጃ ፈቃዱ ከወጣ፣ የባንክ ሒሳቡም ከተከፈተ፣ ቀጥሎ ውክልና ስጡ፤ ራሳችሁ መወሰን ሲያቅታችሁ በእናንተ ፈንታ የሚወስን ሰው ምረጡ ማለቴ ነው። «ምን ሟርት ታወራለህ» የሚለኝ አይጠፋም።

አንድ ሰው ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ እንበል። ተወካይ ከሌለው ሐኪሞቹ ስለ ሕክምናው የሚያማክሩት ሰው በሕግ ተራ ወጥቶለታል። መጀመሪያ ባል ወይም ሚስት፣ ከዚያ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ፣ ከዚያ ወላጅ፣ ከዚያ ወንድም ወይም እህት። አብሯችሁ የሚኖረው ያክስት ልጅ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ላጤ ከሆናችሁና እናታችሁ ደብረ ብርሃን ካሉ፣ በእኩለ ሌሊት በስልክ «ኦፕራሲዮን ይደረግ?» ተብለው የሚጠየቁት እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ውክልናው ሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱ የሕክምና፣ ሌላው የገንዘብና የንብረት። የሕክምናው ቀላል ነው። የሜሪላንድ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ቅጹን በድረ ገጹ በነፃ ይሰጣል። ሁለት ምስክር ይፈርምበታል፤ ተወካዩ ራሱ ግን ምስክር መሆን አይችልም። ቨርጂኒያም ሁለት ምስክር ይበቃል። ደፈር ብሎ ሐኪም የሚጠይቅ ሰው ምረጡ።

የገንዘቡ ጠበቅ ይላል። ሜሪላንድ ውስጥ ኖተሪም ሁለት ምስክርም ያስፈልጋል። ኖተሪው መታወቂያችሁን አይቶ ፊርማችሁን ያረጋግጣል እንጂ እንደ ውልና ማስረጃ ይዘቱን አይመረምርላችሁም። ደግሞ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት፣ ውክልናው የሚሠራው ከፈረማችሁበት ቀን ጀምሮ ነው፤ እናንተ ጤነኛ ሆናችሁም ማለት ነው። ስለዚህ በይሉኝታ ማንንም አትወክሉ፣ የሥጋ ዘመድም ቢሆን።

አዲስ አበባ ላለው ቤት ይህ ወረቀት አይበቃም፤ ለእሱ በኤምባሲ በኩል ሌላ ውክልና ይሰጣል። ልብ በሉ፦ በእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። የሜሪላንዱና የቨርጂኒያው ግን ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ያኔም ይቀጥላል።

ኮፒውን ለተወካዩና ለሐኪማችሁ ስጡ። ሻንጣ ውስጥ የተቆለፈውን ድንገተኛ ክፍል ያለ ሰው አያገኘውም። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በጽሑፍ ሻሩት፣ ለባንኩም በዚያው ቀን አሳውቁ።