መቀስ ስትገዙና ስትይዙ የምትሠሯቸው ስህተቶች

እኔ ደብረ ማርቆስ ነው የምሰፋው፣ በብዛት የሀበሻ ቀሚስ፣ የገጠሩንም አረንጓዴ ቁምጣና ኮት እሰፋለሁ። አዲስ የጀመሩ ልጆች እየመጡ የትኛው የስፌት መኪና ይሻላል ይሉኛል፣ ስለ መቀስ ግን ማንም አይጠይቅም። እኛ ጋ የሚመጣው ጨርቅ እኮ ከሱቅ በሜትር የተገዛ ብቻ አይደለም፣ እናት ጥጡን ዳምጣ ባዘቶ አውጥታ በእንዝርት ፈትላ ሸማኔ ጋ ሰጥታ ያሠራችውም አለ፣ እሱን ካበላሻችሁት ከየትም ገዝታችሁ አትተኩትም።

ዋናው ስህተት ባንድ መቀስ ሁሉንም መቁረጥ ነው። ካርቶኑንም ፓተርኑንም (የልብሱ ቅርጽ የሚወጣበትን ወረቀት) ፌስታሉንም ጨርቁንም። ወረቀት ሲሠራ ኖራ መሰል ዱቄትና የሸክላ አፈር ይገባበታል፣ ስለቱን ቀስ እያለ የሚበላው እሱ ነው። እኔ ስጀምር ማታ ካርቶን ስቆርጥበት ያመሸሁትን መቀስ ጠዋት ለጥምቀት የመጣ ሸማ ላይ አሳረፍኩት፣ አንገቱ ላይ መቁረጡን ትቶ ክሩን ሳበው፣ የእጅ ሸማ ደግሞ ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ አንዴ ከተሳበ ይተረተራል፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ ጥለቱ ገባብኝ። እናትየዋ ሲመጡ ምንም አላሉኝም፣ ዝም ብለው ዳሰሱት። ከዛን ቀን ጀምሮ የጨርቅ መቀሴ እጀታ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እሱን ለወረቀት እንደማይነካው ያውቃል። ለካርቶኑ ርካሹን ግዙ፣ ይበቃዋል።

ሌላው መጠኑ ነው። የወጥ ቤቷን አጭር መቀስ ይዞ ረጅም ቀሚስ መቁረጥ ጠርዙን ጥርስ ጥርስ ያደርገዋል ምክንያቱም በየሁለት ጣቱ ከፍተህ ዘግተህ ነው የምትሄደው። ለጀማሪ 8 ኢንች ማለትም 20 ሳንቲሜትር አካባቢ ጥሩ ነው፣ ጂንስና ካኪ ወይም ድርብ ጋቢ የሚበዛባችሁ ከሆነ 10 ኢንች። እጀታው ወደ ላይ የታጠፈውን ምረጡ፣ የታችኛው ስለት ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ስለሚሄድ ጨርቁ አይነሳም፣ ቀጥ ያለ እጀታ ግን ጨርቁን ያነሳውና የላይኛውና የታችኛው ድርብ እኩል አይወጣም። ለክርና ለጥልፍ 4 ኢንች ጫፏ ሹል የሆነች ለብቻ ያዙ።

ሱቅ ላይ ሳይሞክሩ መግዛት! ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ሂዱ ሌላም ቦታ፣ አብረቅራቂ ነው ኦርጅናል ነው ይሏችኋል፣ እናንተ ግን ቦርሳችሁ ውስጥ የነጠላ ቁራጭና የሳቲን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። በመሀሉ ሁሉም ይቆርጣል፣ በጫፉ ብቻ ቁረጡበት፣ ጫፉ ጨርቁን ካኘከው ተዉት። ከዛ ዝጉትና ወደ ብርሃን አንሱት፣ በሁለቱ ስለት መሀል ቀጭን ክፍተት መታየት አለበት፣ ጉድለት እንዳይመስላችሁ፣ መቀስ የሚቆርጠው ሁለቱ ስለቶች አንድ ነጥብ ላይ ብቻ እየተነካኩ ከብሎኑ ወደ ጫፍ ሲሄዱ ነው።

ዚግዛግ መቀስ፣ ስለቱ ጥርስ ጥርስ የሆነው ማለቴ ነው፣ እሱ ካለ መዘምዘም አያስፈልግም የሚሉም አሉ። መተርተሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፣ ለአቡጀዲና ለገበር ይሁን፣ ሸማ ላይ ግን እንዳትተማመኑበት፣ ወዲያው ጠርዙን በመኪና ያዙት።

ቁርጥራጭ ገጣጥማችሁ አልጋ ልብስ የምትሠሩ ደግሞ ክቡን ተሽከርካሪ መቁረጫ ካገኛችሁ (የምላጩ ስፋት 45 ሚሊሜትር የሆነው ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል) ከሥሩ የሚነጠፈውን ምንጣፍ አብራችሁ ግዙ፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ካደረጋችሁት ምላጩ ባንድ ቀን ይሞታል።

ግራኝ ከሆናችሁ ይሄን ስሙኝ፣ ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም። የቀኝ መቀስ በግራ እጅ ሲያዝ ጣታችሁ ስለቶቹን አንዱን ካንዱ ያርቃቸዋል እንጂ አያጣብቃቸውም፣ ጨርቁ በመሀል የሚታጠፈው ለዛ ነው። ለሁለቱም እጅ ይሆናል ተብሎ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ የተለየው እጀታው ብቻ ነው። ስለቱ ራሱ የተገለበጠውን ፈልጉ፣ ውድ ነው ግን ያንን መቀስ ያገኘች ልጅ እጇ ሲፈታ አይቻለሁ።

መጨረሻ ላይ መሳል። ቢላ በሚሳልበት ድንጋይ ዝም ብሎ ማስሳል ብዙ መቀስ ገድሏል። የሚሳለው የውጪው ሰያፍ ጠርዝ ብቻ ነው፣ የውስጡ ፊት ከተሞረደ ስለቶቹ መነካካት ያቆማሉ። በሞተር ሲሳልም ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፣ ቶሎ ቶሎ ይዶለዱማል። እና ደነዘ ብላችሁ ከመውሰዳችሁ በፊት ብሎኑን እዩት፣ ላልቶ ይሆናል፣ በትንሹ አጥብቁትና ሞክሩት። በተለይ ክረምት ላይ ማታ ስትጨርሱ የጨርቁን ብናኝ ጠርጉና ብሎኑ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጉ፣ ጥቂት ጊዜ ከፈት ዘጋ አድርጋችሁ በአቡጀዲ ቁራጭ አድርቁት፣ ጠዋት ነጩ ሸማ ላይ የዘይት ነጥብ እንዳይጥል መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ቁረጡበት።