ወገብ ሲያም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ላይ ወገቡን የሚያመው ሰው መሸሸጊያ የለውም። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ነው። ወገቤ ካመመኝ 6 ዓመት አልፎኛል፤ ከታች ያሉትን ስህተቶችም አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ተኝቶ መዋል ነው። ሲብስብኝ እናቴ "ተኛ ልጄ፣ እንዳትነቃነቅ" አለችኝ። 2 ሳምንት ተኛሁ። ስነሳ የጫማዬን ክር የሚያስርልኝ ሰው አስፈለገኝ! ወገብን ደግፈው የያዙ ጡንቻዎች ሥራ ሲፈቱ ይደክማሉ። ሕመሙ በጣም በጠና ቀን ጋደም ማለት ያለ ነው። ከዚያ ግን ቤት ውስጥም ቢሆን ወዲያ ወዲህ በሉ።

ሁለተኛው፣ ባመመን ቁጥር ወገባችን የተበላሸ መምሰሉ ነው። ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ብዙ ጊዜ ሌባው ከሄደ በኋላም እንደሚጮህ ውሻ ነው፤ ነርቩ ንቁ ሆኖ ይቀራል። በኤምአርአይ (የውስጥ አካል ምስል የሚያነሳ ምርመራ) ውጤቴ ላይ "ዲስክ" የሚል ቃል፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ ችግር እንዳለበት አይቼ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎችም ኤምአርአይ ቢነሱ እንዲሁ የዲስክ ችግር ይታይባቸዋል፤ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ። ያኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

የተሻለን ቀን ያለ ልክ መሥራትስ? ይሄ የኔ ትልቁ ጥፋት ነው። አንድ የከተራ ዕለት "ዛሬስ ድኛለሁ" ብዬ ታቦት አጅቤ ጥምቀተ ባሕር ወረድኩ። ከሰው ጋር ስጋፋ፣ ስዘል አመሸሁ። በነጋታው በዓሉን ያከበርኩት አልጋ ላይ ነው። አሁን በደቂቃ ነው የምሄደው። ሜዳ ሜዳውን 10 ደቂቃ ጀመርኩ፤ በየሳምንቱ 2፣ 3 ደቂቃ እየጨመርኩ ቆይቼ ነው ዳገት የሞከርኩት። በማግስቱ ትንሽ ቢያመኝ አላቆምም፣ ግን አልጨምርም።

ውኃ ሲጠፋ ደግሞ ጀሪካን አለ። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ለሁለት ከፍሎ በሁለቱም እጅ መያዝ ይሻላል። ስታነሱ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ። ዕቃ ማንሳትን እስከ ወዲያኛው መተው ግን መፍትሔ አይደለም።

ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ እንደ ከረሜላ መቃም ሌላው ነው። ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። የወገብ ቀበቶውንም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ ሕመም እንዲሁ በዘልማድ እንዳይታዘዝ መክሯል። እኔ ለቀበቶ ያወጣሁትን ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ ለሚሰጥ ሕክምና) ባወጣው ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዛችሁ ወይም እግራችሁ እየሰነፈ ከሄደ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለም ተመርመሩ፤ ቲቢ የጀርባ አጥንትንም ይይዛል። ወጌሻ ጋ አትሂዱ።