የጠፉ ሰዎች ፎቶ መድረክ ላይ ሲደበዝዝ

ጎንደር ውስጥ ስለጠፉ ሰዎች በምናሳየው የወጣቶች ቴአትር፣ ፎቶዎቹ ነጭ አቡጀዴ ላይ በፕሮጀክተር ሲታዩ ይደበዝዙ ነበር። የተዋንያኑ ጥላም ያርፍባቸዋል። እናት ልጇን በስሙ እየጠራች ዓይኑ በጥላ ሲሸፈን ትዕይንቱ ይሞታል።

የፕሮጀክተሩን ብርሃን እስከ መጨረሻው ጨመርን፤ ለውጥ የለም። የመድረኩን መብራት ስንቀንስ ተዋንያኑን ጨለማ ዋጣቸው። ፕሮጀክተሩን ከፍ አድርጎ መስቀልም ጥላውን ዝቅ አደረገው እንጂ አላጠፋውም።

የሠራው ከጀርባ ማብራት ነው። ነጠላ አቡጀዴ ሳይጨማደድ ወጥረን ፕሮጀክተሩን ከኋላው 3 ሜትር ላይ አኖርን፤ 2 ሜትር ስፋት ላለው ምስል የእኛ ሌንስ ይህን ይፈልጋል። የፕሮጀክተሩ ሜኑ ውስጥ «ፕሮጀክሽን» ከ«ፍሮንት» (ከፊት) ወደ «ሪር» (ከኋላ) ካልተቀየረ ስሞቹ ግራና ቀኛቸው ተገልብጦ ይታያሉ። ሌንሱ በጨርቁ አልፎ የተመልካች ዓይን ውስጥ እንዳይበራ፣ ከጨርቁ ታችኛ ጠርዝ ዝቅ አድርገን ወደ ላይ አቀናነው። የተጣመመውን ምስል «ኪስቶን» በሚባለው የፕሮጀክተሩ የቅርጽ ማስተካከያ አስተካከልን። የመድረክ መብራቶቹን ከፊት አንስተን ከግራና ከቀኝ አደረግን፤ ተዋንያኑም ከጨርቁ 1 ሜትር ተኩል ራቁ። ከጨርቁ ኋላ ጨለማ መሆን አለበት፤ በበር ስንጥቅ የሚገባ ብርሃን እንኳ ምስሉን ያነጣዋል።

ቤተሰብ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ትንሽ ጉርድ ፎቶ ነው። ያለ ፍላሽ፣ መስኮት አጠገብ፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሱት።