ለእናቶችና አባቶች ግሩፕ የሰመር ጓሮ አትክልት እንዴት እንደሚጀመር

እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ አረጋውያን ቀን ቀን የሚውሉባቸው ማዕከሎች አሉ፣ ከኛ ሀገር ሰው ብዙዎቹ ልጆቻችን ጋር ብለው መጥተው አፓርታማ ውስጥ ተዘግተው የከረሙ ናቸው፣ ቋንቋው የለ ጎረቤት የለ። ለነሱ ሰመር ላይ አትክልት መትከል ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ኳስ ከመቀባበል በብዙ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ አዋቂዎቹ እነሱ ናቸው፣ እኛ ተማሪ ነን።

መጀመሪያ ሰው ምረጡ። ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል፣ ረዳት ደግሞ ቢያንስ ሁለት። የመጀመሪያው ቀን ምንም አትትከሉ፣ ቡና አፍሉና "ጓሯችሁ ምን ነበረበት?" ብላችሁ ጠይቁ። ጌሾ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ዱባ፣ ጎመን እያሉ ሲቆጥሩ ጻፉት፣ የሚተከለው ከዛ ዝርዝር ነው ሚመረጠው።

ለዚህ አገር ሙቀት የሚመቸው በሶብላ ነው፣ ግን ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ሽታው የኛን አይሆንም ስለዚ የሀገር ቤት ዘር ፈልጉ። ቃሪያ ከዘር ከተጀመረ በጣም ይቆያል፣ ችግኝ ግዙ። ፎሶሊያን እኔ በጣም ነው ምወደው፣ ፍሬው ትልቅ ስለሆነ እጁ ለሚንቀጠቀጥ አይኑ ለደከመም ሰው ይመቻል፣ በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል፣ በሁለት ወር ውስጥ ይለቀማል። ጎመን ጁላይ ላይ አይደላውም ትልም ይጨርሰዋል፣ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ዝሩትና ሰመር አልፎ ሲቀዘቅዝ ይደርሳል።

ጤና አዳም ላይ ግን አደራ። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል ውሃም ይቋጥራል፣ ምልክቱ የሚወጣው ደግሞ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ሰው ከምን እንደመጣ አያውቅም። ጓንትና እጅጌው ረጅም ልብስ ሳይለበስ አይነካ።

እቃው ቀላል ነው። 5 ጋሎን ባልዲ ስሩን አምስት ስድስት ቦታ ብሱት፣ ለባልዲ ተክል የተዘጋጀ አፈር (ፖቲንግ ሶይል) ሙሉበት፣ ዝቅ ያለ አግዳሚ ላይ አስቀምጡት፣ ማንም እንዳያጎነብስ። ዊልቼር ላይ ላሉት ጉልበት የሚያስገባ ጠረጴዛ ላይ ጥልቀት የሌለው ሳጥን ይሁን። ለውሃ ክዳኑ የተበሳ የአንድ ሊትር ፕላስቲክ ከማጠጫው ይሻላል፣ ለእጅ አይከብድም። በየባልዲው ላይ ስማቸውን በአማርኛ ጻፉ።

ሰዓቱ ጠዋት 3 ሰዓት (በዚህ አገር አቆጣጠር 9) ላይ ሆኖ ከ45 ደቂቃ አይለፍ። ኮፍያ፣ ጥላ፣ የሚጠጣ ውሃ ግዴታ ነው። ለደም ግፊት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች፣ አንዳንድ የአእምሮ ህመም መድኃኒት የሚወስዱም፣ ሙቀት ቶሎ ይጎዳቸዋል፣ ስለዚ ከመጀመራችሁ በፊት ነርሷን ጠይቁ። ማስታወስ ለሚቸገሩ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ በአፍ ከመንገር በእጅ ማሳየት፣ ማዳበሪያ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትሂዱ።

የበሶብላ ዘር ስንዘራ ሳምንት ሙሉ ከሰው ጋር ያላወሩ አንዲት እናት ነበሩ፣ እኔ በጣት ጉድጓድ እየሰራሁ ዘሩን ሳስገባ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና እጄን ያዙኝ። "ኸረ ልጄ፣ እንዲ አይቀበርም!" አሉና ዘሩን በሶስት ጣት ቆንጥረው በተን በተን አደረጉት፣ ከላዩ ስስ አፈር ነስንሰው በመዳፋቸው ጫን ጫን። ከዛን ቀን ጀምሮ በሶብላው የሳቸው ስራ ሆነ፣ ሌሎቹም እትዬ ልክ ነው ወይ እያሉ እሳቸውን ነበር ሚጠይቁት። እንዲ አይነት ሰው ስታገኙ ስራውን ልቀቁላቸው፣ ቢዘገይም አትቀሟቸው።

በሶብላው አንድ ስንዝር ሲያልፍ ጫፉን ከጥንድ ቅጠል በላይ ቀንጥቡት፣ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል። ግን ሁሉንም አትቀንጥቡ፣ ለበርበሬና ለሽሮ የሚፈለገው አበባው ስለሆነ ግማሹን ተዉት ያብብ። ሲደርስ ጥላ ስር አድርቁና በወረቀት ጠቅልለው ወደቤት ይውሰዱ፣ ልጆቻቸው ሽሮው ውስጥ ይጨምሩት። ከደረቀው አበባ ላይ ዘሩን አራግፋችሁ በየፖስታው አድርጉ፣ ያለማውን ሰው ስም ጻፉበት፣ በሚቀጥለው ሜይ ለአዲስ ገቢዎቹ የሚያከፋፍሉት እነሱ ናቸው።