ባለአንድ መስመሯን የደጋ አይጥ ሳይጎዱ መያዝና መለየት

ባለአንድ መስመሯ የደጋ አይጥ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ሙስ ኢምበርቢስ፣ የምትኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ከሰሜን ተራሮች በተገኘች ናሙና መሠረት በ1842 እ.ኤ.አ. ስም ቢሰጣትም ስለ ኑሮዋ የሚታወቀው ዛሬም ጥቂት ነው። ወጥመድ የምትገባው ከስንት አንዴ በመሆኑ፣ የገባችውን በብርድ መግደል ወይም በሌላ ስም መመዝገብ ያስቆጫል።

ከሁሉ በፊት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ፈቃድና የአካባቢውን ገበሬዎች ይሁንታ ያዙ። ከ1,900 እስከ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሳርና ቁጥቋጦ የሚገናኙበትን ዳርቻ ምረጡ። 49 ሸርማን ወጥመዶችን (ታጣፊ የአሉሚኒየም ሳጥኖች ናቸው) 7 በ7 አድርጋችሁ በ10 ሜትር ርቀት ደርድሩ።

ማጥመጃው የለውዝ ቅቤና የገብስ ዱቄት ነው፤ ከሚረገጠው ቆርቆሮ ኋላ ይቀመጥ። ሥሩ ከገባ ቆርቆሮው አይወርድም፣ በሩም አይዘጋም። የሳጥኑን ጎን በጣት መታ ስታደርጉት ካልተዘጋ ማያዣውን አላሉት፤ ለትልቅ አይጥ የተስተካከለ ወጥመድ ትንሿን መግቦ ይሸኛታል። ጉንዳን ካለ ቦታውን ቀይሩ።

ብዙ እንስሳ የሚሞተው በብርድ ነው። የደጋ ሌሊት ብረቱን ስለሚያቀዘቅዘው በየሳጥኑ እፍኝ ሙሉ ደረቅ ሳር ጨምሩ፤ ከላይም ሳር አልብሱት፣ ቀን ከፀሐይም ይከልላል። ጠዋት 12፡30 ላይና ማታ 11 ሰዓት ላይ ተመልከቱ። ጠዋት ማርፈድ ፈጽሞ አይገባም።

ክብደታቸው ቀላል የሆነ አይጦች ባልዲ ውስጥም ይወድቃሉ። ባለ10 ሊትር ባልዲ አፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ቅበሩት፤ ታቹን ቀዳድታችሁ ሳር ጨምሩበት። ዝናብ ከመጣ ግን ክደኑት፤ ውኃ ከሞላ እንስሳው ይሰምጣል።

በሰሜን ኢትዮጵያ ከሌላ የደጋ አይጥ ትግራይ የተባለ የሃንታ ቫይረስ (ሃንታ ከአይጥ ወደ ሰው ሊተላለፍ የሚችል የቫይረስ ወገን ነው) ስለተገኘ ጓንትና ማስክ የግድ ነው። አይጧን ወደ ጨርቅ ከረጢት አውጧትና ማጅራቷን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙ። በጅራት አታንጠልጥሏት።

አሁን ልየታ። ጀርባዋ መሐል ጥቁር መስመር አለ፣ ጅራቷም ከአካሏ ያጥራል። መስመሩ ብቻውን ግን አያሳምንም፤ ዴንድሮመስ የሚባሉት፣ ሳርና ቁጥቋጦ ላይ የሚወጡ አይጦችም መስመር አላቸው። ሎቫቲ የተባለው ዝርያ ሦስት አለው፤ ባለአንድ መስመሮቹ ደግሞ ጅራታቸው ከአካላቸው ይረዝማል። ወሳኙ ማስረጃ አፍና መዳፍ ላይ ነው። በዴንድሮመስ የፊት እግር ላይ በደንብ ያደጉት ጣቶች ሦስት ብቻ ናቸው፣ የላይኛው የፊት ጥርሱም ቁልቁል የወረደ ጎድጓዳ መስመር አለው። የኢምበርቢስ ጥርስ ልሙጥ ሆኖ ወደ ፊት ያገጠጠ ነው። በዚህ ጥርሷ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሙሪኩሉስ በሚባል የራሷ ወገን ተመድባ ነበር፤ ከቤት አይጥ ወገን፣ ከሙስ ጋር የቀላቀላት የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ጥርስና መዳፍ በጉልህ የሚታዩበት ፎቶ ከሌለ መዝገቡ ላይ «ያልተረጋገጠ» ብላችሁ ጻፉ።

ክብደቷን፣ የአካልና የጅራት ርዝመቷን፣ የኋላ እግሯን ያለ ጥፍር፣ ጆሮዋንም ለኩ። ከጆሮዋ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ቆርጣችሁ 96 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተቱ፤ መለያውን በእርሳስ ጻፉ፣ አልኮል የስክሪብቶ ቀለም ያጠፋል። ከዚያ በተያዘችበት ነጥብ ላይ፣ ሳር ሥር ልቀቋት። ወጥመዱንም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ እጠቡና በደንብ አለቅልቃችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት።