በዊንተር ፎቶ ለምታነሱ፦ ካሜራውን ቤት እንደገባችሁ እንዳታወጡት

ሚኒያፖሊስ ያላችሁ፣ ሚኒሃሃ ፏፏቴ በረዶ ሆኖ ቀጥ ሲል ለማንሳት የምትሄዱ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው የሚፈራው ውጪ ያለውን ብርድ ነው፣ ካሜራውን ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ቤት ስትገቡ ነው። እኔ አንዴ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ስዞር ቆይቼ ገባሁና ፎቶዎቹን ለማየት ቸኩዬ ካሜራውን ከቦርሳ መዥረጥ አላደርገውም መሰላችሁ፣ በቃ ሌንሱ ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ የለስላሳ ጠርሙስ አላበው፣ ውስጡ ሁሉ ጉም ይዞ ሁለት ቀን ሙሉ አልለቀቀም።

እና ገና ውጪ እያላችሁ፣ መኪና ውስጥም ሳትገቡ፣ ካሜራውን ዚፕ ያለው ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አየሩን ጨመቅ አርጋችሁ አስወጡና ዝጉት። ቤት ገብታችሁም አትክፈቱት፣ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ፣ ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ሚሞሪ ካርዱን ቀድማችሁ አውጡት፣ ያለዛ መቼም ትዕግስት የለም፣ ትከፍቱታላችሁ።

ባትሪ ትርፍ ያዙ፣ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ከጃኬት ስር ሰውነታችሁ ጋ። አለቀ ያላችሁንም እዛው ኪስ መልሱት፣ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራና አስር ምናምን ፎቶ ያስነሳችኋል።

በረዶው ግራጫ እየወጣ ካስቸገራችሁ ደሞ ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን የበዛ መስሎት እያጨለመው ነው፣ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን መጠን፣ ካሜራው ላይ +/- የሚለውን) ወደ +1 ከፍ አርጉት፣ ፀሐይ ካለ እስከ +2ም ይሄዳል። ብቻ ቪውፋይንደሩ (ዓይናችሁን አስጠግታችሁ የምታዩበት) ላይ አትተንፍሱ፣ ወዲያው ይጋገርበታል።