አፍ እንዲታይ፦ ለቪዲዮ ጥሪ የሚሆን የጠረጴዛ መብራት

ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ሆኜ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ልጆች ፊደል አስተምራለሁ። እዚያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን እዚህ 11 ሰዓት ነው። በመስኮቴ የሚገባው ብርሃን ይበቃኛል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ግን እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ያው ትምህርት ለእኔ 12 ሰዓት ይሆናል፤ ፀሐይ የምትጠልቀውም ያኔ ነው።

መጀመሪያ ላይ በኮርኒሱ አምፖል ብቻ አስተማርኩ። ልጆቹ «ቡ»ን ከ«ቦ» መለየት አቃታቸው። ቀረጻውን መልሼ ሳይ ምክንያቱ ገባኝ። ብርሃኑ ከአናቴ ስለሚወርድ፣ ከአፍንጫዬ በታች ያለው ሁሉ ጥላ ነበር። «ቡ» ስንል ከንፈር ይሾላል፤ «ቦ» ስንል ከፈት ይላል። ቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚሰማ ልጅ ይህን በጆሮው ብቻ አይይዘውም፤ አፍ ማየት አለበት። ለሥራ ስብሰባም ቢሆን ሰው አፋችንን እያየ ሲሰማን ይቀለዋል፣ በተለይ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ።

ስለዚህ መብራት ስትመርጡ ስንት ዋት ነው ከማለታችሁ በፊት የሚቀመጥበትን ቦታ አስቡ። መብራቱ ከላፕቶፑ ጀርባ፣ ከዓይናችሁ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ አንድ ጎን ዘወር ማለት አለበት። ለዚህ ክንዱ የሚታጠፍና ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር የሚጠብቅ መብራት እመርጣለሁ። አንገቱ አጭር የሆነው ለማንበቢያ ነው እንጂ ለፊት አይሆንም። ርቀቱም ልዩነት አለው፤ መብራቱን በግማሽ ብታቀርቡት ፊታችሁ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። እኔ ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ላይ አኖረዋለሁ።

ሪንግ ላይትም (እንደ ቀለበት ክብ የሆነ መብራት) ገዝቼ ሞክሬያለሁ። መነጽር ለማያደርግ ሰው ጥሩ ነው። እኔ መነጽር አደርጋለሁ፤ አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ዓይንሽ ላይ ያለው ክብ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ትምህርቱ በዚያው ተበተነ። መነጽር ካላችሁ መብራቱን ከፍና ወደ ጎን አድርጉት፤ ነጸብራቁ ከመስተዋቱ እስኪወጣ ድረስ አንቀሳቅሱት።

ቀለሙን በተመለከተ ካርቶኑ ላይ ከቁጥር ጋር «ኬ» የምትል ፊደል ትታያለች። 3000 ቢጫ ነው፤ 6500 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ሱቆቻችን ውስጥ ብዙ የሚገኘው 6500 ነው። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ግን አመድ የነካው ያስመስላል። እኔ 4000 አካባቢ ያለውን እመክራለሁ። ቀለሙ የሚቀያየር ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ። ብቻ የኮርኒሱ አምፖል ቢጫ፣ የጠረጴዛው ነጭ ሆኖ አብረው አይብሩ። ካሜራው ግራ ይጋባና ግማሽ ፊታችሁ ሌላ መልክ ይይዛል። አንዱን አጥፉ።

አምፖል ሲሸጥ ባለሱቁ ሰክቶ ያሳያል፤ ያኔ የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱና ወደ መብራቱ አዙሩት። ጥቁር ሰንበር ስክሪኑ ላይ ሲሄድ ካያችሁ መብራቱ ይርገበገባል ማለት ነው። ድምቀቱ የሚቀነስ ከሆነ ዝቅ አድርጋችሁም ፈትሹት፤ አንዳንዱ ችግሩን የሚያሳየው ያኔ ነው። ቤት ገብታችሁ ሰንበር ከመጣ ደግሞ የካሜራውን ማስተካከያ ክፈቱ። 50 እና 60 ኸርዝ የሚል ምርጫ ካለ 50ን ያዙ፤ የእኛ አገር መብራት 50 ነው።

መብራት ይሄዳልና በዩኤስቢ የሚሠራ ግዙ። ይህን አጥብቄ የምለው ነው። ባለ 5 ዋት መብራት በ10,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት (mAh) ፓወር ባንክ አምስት ሰዓት ያህል ይቆያል። ላፕቶፑ በባትሪው፣ ኢንተርኔቱ በስልክ ዳታ ሲሆን ልጆቹ መብራት መሄዱን እንኳ አያውቁም።

ለመግዛት ገንዘብ ካልተረፋችሁ ያለውን የማንበቢያ መብራት ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩት፤ እናንተም ፊታችሁን ወደዚያው ግድግዳ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ጥላ አይጥልም፣ ዓይንም አይወጋም። ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቀለም ከተቀባ ግን ፊታችሁም ያንኑ ቀለም ይይዛል። እንዲያ ከሆነ ነጭ አንሶላ ወጥሩበት። ጨርቅ አምፖሉ ላይ መጣል ግን በፍጹም አይሆንም፤ ሙቀቱ ሊያቃጥለው ይችላል።

ስትሞክሩ ጥሪው በሚሆንበት ሰዓት ሞክሩ። መጋረጃው፣ ኮርኒሱ፣ ውጭ ያለው ጨለማ ሁሉ እንደዚያ ሰዓት ይሁን። እኔ ካሜራውን ከፍቼ ከ«በ» እስከ «ቦ» እቆጥራለሁ፤ ድምፁን አጥፍቼ ቀረጻውን አያለሁ። ከንፈሬን አይቼ ሰባቱን ፊደል መለየት ከቻልኩ መብራቱን እዚያው እተወዋለሁ።